የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ገባልኝ፤ ቡናው ግን ለምን ይኮመጥጣል?

ዓባይማዶ — ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። ውጭ አገር የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለመስቀል ስትመጣ አንድ ትንሽ የኤስፕሬሶ ማሽን በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ዕቃ ነው። ተማሪ ሳለሁ እሑድ እሑድ ጣና ዳር ተቀምጬ ማኪያቶ ስጠጣ፣ ጓደኞቼ ሐይቁንና ታንኳውን ሲያዩ እኔ የማየው ማሽኑን ነበር። አሁን ማሽኑ ቤቴ ውስጥ፣ ዓባይ ማዶ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የምሄደው ወደ እሱ ነው።

ቡናው ግን አልሆነልኝም። ቁልፉን ስጫን ውሃው ይንዠቀዠቃል፤ በስምንት ወይም በዘጠኝ ሴኮንድ ሲኒዋ ትሞላለች። ላዩ ላይ ገርጣ ያለ አረፋ ይታይና ስኳር እስካማስል ድረስ እንኳ ሳይቆይ ይጠፋል። ጣዕሙ ይኮመጥጣል፤ የምላስን ዳርና ዳር ይነክሳል። ቡናው ጥፋት የለበትም። እናቴ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ቆልታ በሙቀጫ የወቀጠችው ነው፤ ከዚያው ላይ በጀበና ያፈላችውን ጎረቤት ሁሉ ጠጥቶ መርቋታል። ታዲያ አንድ ቡና በጀበና ሲጥም በማሽን የሚኮመጥጠው ለምንድን ነው? ካርቶኑ ላይ «15 ባር» ተብሎ ተጽፏል፤ ግፊቱ በዝቶበት ይሆን?

የምታውቁ እርዱኝ። ማሽኑን ወድጄዋለሁና ጥግ አስይዤ አቧራ እንዲጠጣ አልፈልግም።


ባለማሽኑ — ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 4፡05

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። በባሕር ዳር ካፌዎች ውስጥ ማሽን ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሜያለሁ፤ በማንሻ የሚሠራውንም በቁልፍ የሚሠራውንም አውቀዋለሁ።

የባሩን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። 15 ባር ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ቡናው ላይ የሚያስፈልገው 9 ባር ገደማ ነው፤ እሱም የሚገኘው ቡናው ውሃውን ሲቃወመው ብቻ ነው። ውሃው ምንም ሳይገጥመው ካለፈ ግፊት የሚባል ነገር አይፈጠርም። በስምንት ሴኮንድ የሞላ ሲኒ የሚነግርህ ይህንኑ ነው። ግፊት አልበዛብህም፤ ጨርሶ አልነበረህም።

ይህ ግፊት በታሪክም ዘግይቶ የመጣ ነው። የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ማሽን ቡናውን የሚገፋው በእንፋሎት ብቻ ነበር፤ ግፊቱ ከአንድ ተኩል ወይም ከሁለት ባር ብዙም አያልፍም፤ ክሬማም፣ ማለትም ቡናው ላይ የሚቀመጠው ወፍራም ወርቃማ አረፋ፣ አልነበረውም። ክሬማ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አኪሌ ጋጂያ ማንሻና ሞላ ገጥሞ ውሃውን በኃይል መግፋት ሲጀምር ነው። ሞላውን በክንድ ትስበዋለህ፣ እሱ ደግሞ ሲመለስ ውሃውን ይጨቁነዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ፋኤማ ኢ61 የተባለው ማሽን የክንዱን ሥራ ለኤሌክትሪክ ፓምፕ ሰጠው፤ ስሙንም ያገኘው በዚያው ዓመት ከነበረው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። አንተ ቤት ያለው ትንሽ ማሽን የእነዚያ ልጅ ነው፤ የሚፈልገውም እነሱ የሚፈልጉትን ነው፦ ደቅቆ እኩል የተፈጨ፣ በልክ የተመዘነ፣ እኩል የተጠቀጠቀ ቡና።

አሁን ሦስት ነገር ንገረኝ። ቡናውን ከሙቀጫ ሌላ በምን ትፈጫለህ? ስንት ግራም ታስገባለህ? ማጣሪያውን ገልብጠህ እየው፤ ከሥሩ ያለው ቀዳዳ አንድ ነው ወይስ ብዙ?


ሲኒና ረከቦት — ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሙቀጫው ምን አጠፋ? እኔ ጣና ዳር ጀበና ቡና አፈላለሁ፤ የልጆቼ ልብስና ደብተር የሚወጣው ከዚያ ነው። ወፍጮ አለኝ፤ ደንበኛ ሲበዛ እጠቀምበታለሁ። ሰው ለራሱ አፍልቶ ሲጠጣ ግን ከዘነዘና የሚበልጥ የለም። ቡናው ሲወቀጥ ድምፁ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ይንኳኳል፣ ቀጥሎ ይታፈናል፣ በመጨረሻ ዘነዘናው አሸዋ ላይ እንደሚያርፍ ይሆናል። ያን ጊዜ በቃ ማለት ነው። የወንድማችን እናት ይህን የሚያውቁ ይመስለኛል።


ባለማሽኑ — ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 3፡00

እህቴ፣ ሙቀጫው ለጀበና ምንም አላጠፋም። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ውስጥ ዱቄት የመሰለም አለ፣ ክክ የመሰለም አለ። ጀበና ውስጥ ሁሉም አብሮ ለደቂቃዎች ይፈላል፤ ክኩም ያለውን ለመስጠት ጊዜ ያገኛል፤ ከዚያ አተላው ይዘቅጣል። ማሽን ላይ ያለው ጊዜ ሠላሳ ሴኮንድ ብቻ ነው። ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ ክኩ ባለበት በኩል ሰንጥቆ ያልፋል፣ ዱቄቱን ሳይነካ ይተወዋል። ሙሉ ጣዕሙ ያልወጣለት ቡና ይኮመጥጣል። ጣፋጩና መራራው ከኮምጣጣው በኋላ ነው የሚመጡት።


ዓባይማዶ — ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 1፡20

ጋሼ ባለማሽኑ፣ የጠየቁኝን ሁሉ አየሁ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ማጣሪያዎች ነበሩ። እስካሁን ስጠቀምበት የቆየሁት ከሥሩ አንድ የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ያለው ነው። ሌላው ግን እንደ ወንፊት ነው። መጠኑንም በማንኪያ ነበር የምገምተው። አሁን ከቅዳሜ ገበያ እስከ አሥረኛ ግራም የምታነብ ትንሽ ሚዛን ገዛሁ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የማይጠቀምበትን ባለ ብረት ጥርስ የእጅ ወፍጮ ሰጠኝ። 18 ግራም ለመፍጨት ሁለት ደቂቃ ያህል ክንዴ ይሠራል፤ ግን የሚወጣው ዱቄት እኩል ነው፤ በጣቴ ሳሸው ከደቃቅ ጨው ትንሽ የላመ ነው።


ባለማሽኑ — ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 3፡10

ባለ አንድ ቀዳዳው ማጣሪያ የተሠራው ተፈጭቶ ለሚሸጥ ቡና ነው። ግፊቱን የሚፈጥረው ቀዳዳው እንጂ ቡናው አይደለም፤ አረፋውም ቡናው በጠባብ ቀዳዳ ሲረጭ የሚመጣ ነው። ከእሱ ምንም አትማርም፤ ስህተትህን ይሸፍንብሃል። አስቀምጠው። ወንፊት በመሰለው ሥራ። 18 ግራም አስገባ፣ ሲኒውን ሚዛኑ ላይ አድርግ፣ 36 ግራም ሲሆን አቁም። ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ከፈጀ መንገድ ላይ ነህ። ከዚያ ፈጥኖ ከወረደ ወፍጮውን አንድ ጥርስ ወደ ማላሙ አዙረው፤ ከዘገየና ከመረረ ወደ ማሻከሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ወፍጮውንም መጠኑንም በአንድ ጠዋት ከለወጥክ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም።

ማሽኑ ከበራ በኋላ ማጣሪያውን የሚይዘውን እጀታ በቦታው ገጥመህ ሩብ ሰዓት አቆየው። ቀዝቃዛ ብረት የውሃውን ሙቀት ይሰርቀዋል፤ ብዙ የቤት ቡና የሚኮመጥጠው በዚህ ነው።


ጠጋኝ — ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 6፡30

ስለ ጣዕሙ ባለሙያው ተናግረዋል። ማሽኑ ዕድሜ እንዲያገኝ እኔም ልጨምር፤ ሥራዬ የተቃጠለ የቤት ዕቃ መጠገን ነው።

መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል። ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ የመብራቱ መሄድ ሳይሆን አመጣጡ ነው። ማሽኑ 1,400 ዋት አካባቢ ከሆነ የቮልቴጅ ማስተካከያው ቢያንስ 2,000 ዋት የሚችል ይሁን፤ ለቴሌቪዥን የተገዛችውን ትንሿን አትሰካበት። ቡናው እየወረደ ሳለ መብራት ከጠፋ ደግሞ እጀታውን ለመንቀል አትቸኩል፤ ውስጡ ግፊት ይዞ ይቆያል፤ በችኮላ የተነቀለ እጀታ ትኩስ አተላ ፊት ላይ ይተፋል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። የሻይ ማፍያችሁን ውስጡን እዩት፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ያው ቅርፊት ማሽኑ ውስጥ በቀጫጭን ቧንቧዎች እየተጋገረ ነው። የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ፤ በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ 20 ግራም የሎሚ አሲድ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አሳልፉበት፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። ሎሚ ጨምቃችሁ አታስገቡ፤ ቃጫውና ፍሬው ይደፍነዋል። አቼቶም ሽታው ለሳምንት አይለቅም።


ዓባይማዶ — ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2፡00

አመሰግናለሁ ጠጋኝ፤ ማስተካከያውን ቀየርኩ። ለጋሼ ባለማሽኑ ደግሞ ደስ የሚል ዜና አለኝ፦ ዛሬ ጠዋት 18 ግራም አስገብቼ 35 ግራም በ27 ሴኮንድ ወረደልኝ። ክሩ ቀጭን ሆኖ እንደ ማር ሲወርድ ሳይ ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ግን ሁለት ነገር ግራ አጋብቶኛል። አንደኛ፣ ቡና ሳላስገባ ባዶውን ውሃ ሳስወርድ ውሃው እየፈነዳ፣ እየተንጨረጨረ፣ በእንፋሎት ተሸፍኖ ነው የሚወጣው። የማሽኑ ሙቀት ልክ 96 ላይ ነው። ተበላሽቶ ይሆን? ሁለተኛ፣ ቡናው ሰዓቱ ቢስተካከልም አሁንም የሚቆነጥጥ ነገር አለው። አረፋው የሲኒውን ግማሽ ይሞላል፤ ከዚያ ትልልቅ ዓይን እያወጣ ይፈርሳል። እናቴ ቡናውን ዛሬ ንጋት ላይ ነው የቆላችው፤ ከዚህ በላይ ትኩስ ቡና የለም።


የፊዚክስ መምህር — ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 3፡30

አንደኛውን እኔ ልመልስ። ማሽኑ ደህና ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ትደርሳለች፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ማሽኑ ውስጥ ውሃው በግፊት ስለታፈነ 96 ዲግሪ ላይም ሳይፈላ ይቆያል። ወደ አየሩ ሲወጣ ግን የእኛ አየር ያን ሙቀት አይሸከምም፤ የተረፈው ሙቀት በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ፍንዳታው ይህ ነው። ቡና ሲኖር ግፊቱ ቡናው ውስጥ ስለሚይዘው ችግር የለም። 93 ላይ ብታወርደው ጸጥ ብሎ ይወጣል። በነገራችን ላይ ጀበናችን ባሕር ዳር ላይ ከ94 ብዙም አልፎ አያውቅም፤ ለኤስፕሬሶ ከሚመከረው ሙቀት ጋር መገናኘቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።


ባለማሽኑ — ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 4፡15

መምህር በደንብ አስረድተውታል። ሁለተኛው ጥያቄህ ግን ዋናው ነው፤ እኔም ካፌ ውስጥ ለማመን ዓመታት የፈጀብኝ ነገር ነው። ቡናህ የሚቆነጥጠው ትኩስ ስለሆነ ነው።

ቡና ሲቆላ በውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታመቃል። ከምጣድ ከወረደ በኋላ ጋዙ ለቀናት ቀስ እያለ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ቀንና በሁለተኛው በብዛት ነው። ዛሬ የተቆላውን ማሽን ላይ ስታደርገው ትኩሱ ውሃ ሲነካው ጋዙ በአንድ ጊዜ ይገነፍላል፤ ውሃውን ይገፈትረዋል፤ ውሃው ዱቄቱን እኩል አይዘውም። ግማሽ ሲኒ የሞላው አረፋም ክሬማ ሳይሆን ጋዝ ነው። የተቆላውን ቡና አምስት ቀን፣ ከተቻለ ሰባት ወይም ስምንት ቀን አሳድረው። በጣሳ አድርገህ ክዳኑን አላላው፤ ከፀሐይና ከምድጃ አርቀው። ከዚያ ፍጨው። አስቀድመህ ግን አትፍጨው፤ የተፈጨ ቡና መዓዛው የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።


ሲኒና ረከቦት — ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 12፡50

ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ይህን ግን መቀበል አልቻልኩም። ያደረ ቡና? እንግዳ ቤት መጥቶ ከሳምንት በፊት የተቆላ ቡና ማቅረብ በእኛ ዘንድ ንቀት ነው። ቡና የሚቆላው ሰው ፊት ነው። ምጣዱን ይዘን በየሰው ፊት የምናዞረው ጭሱን እንዲያሸቱ ብቻ አይደለም፤ ለእናንተ ብዬ አሁን ቆላሁት ማለታችን ነው። እናቴም አያቴም ከምጣድ ወደ ሙቀጫ፣ ከሙቀጫ ወደ ጀበና ነው ያስተማሩኝ። ጠረጴዛ ላይ ያለ ማሽን መጥቶ የቡና ትኩስነት ጥፋት ነው ሲለኝ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው እላለሁ።


ባለማሽኑ — ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 2፡20

እህቴ ልክ ነሽ፤ እኔም እናቴ ቤት ስሄድ ያደረ ቡና አልጠጣም። ጀበና ላይ ጋዙ ምን እንደሚሆን ግን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ዛሬ የተቆላ ቡና ጀበና ውስጥ ሲገባ አንገቱ ድረስ አይገነፍልም? ከእሳት አንሥተሽ አታበርጂውም? ጋዙ ያን ጊዜ በአንገቱ በኩል ይወጣል፤ ለመውጣትም ጊዜ አለው፣ መንገድም አለው። ማሽኑ ውስጥ ቡናው በብረት ታፍኖ ተጠቅጥቋል፤ መውጫ የለውም።


የዘጌ ልጅ — ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 7፡40

ክርክሩን እያነበብኩ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ያደግሁት ቡና ጥላ ሥር ነው። ዘጌ ላይ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር በጫካው ውስጥ ነው የሚበቅለው፤ በበሬ ማረስ በጥንቱ ሥርዓት የተከለከለ ነው። አባቶች እንደሚነግሩን አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ቆርጠው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም በጀልባ የሚመጣ ሁሉ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሄደው በቡና ዛፍ መካከል ነው።

ልናገር የፈለግሁት ግን ይህን ነው። የእኛ ቡና በአብዛኛው ሳይታጠብ ከነልጣጩ የሚደርቅ ነው። አፍ ላይ ከበድ ያለ፣ ጣፋጭነቱ የበዛ ነው፤ ለጀማሪ ማሽን ከታጠበው ይርጋ ጨፌ ይልቅ የሚቀል ይመስለኛል። የታጠበው ብሩህ ነው፤ ትንሽ ስትሳሳት ኮምጣጣነቱ ፈጥኖ ይጋለጣል። ወንድሜ፣ ከዘጌ ቡና አንድ ኪሎ አምጥተህ ሞክር። እህታችንም ከዚያው ቁሌት በጀበና ትሞክር። በአንድ ቡና ላይ ሁለታችሁም ብትናገሩ እኛም እንማራለን።


ዓባይማዶ — ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 1፡00

ይህ ሐሳብ በጣም ደስ ብሎኛል። ነገ ቅዳሜ ነው፤ አንድ ኪሎ ጥሬ የዘጌ ቡና ገዝቼ እናቴ ትቆላዋለች። እትዬ ሲኒና ረከቦት፣ ፈቃድዎ ከሆነ ግማሹን ለእርስዎ አመጣለሁ።


ሲኒና ረከቦት — ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 2፡10

አምጣው። ስለቡናው እውነቱን እናገራለሁ፤ ለጀበናም ለማሽንም አላዳላም።


የእንስሳት ሐኪሟ — ጥቅምት 18፣ ከቀኑ 9፡00

ውጤቱን እስክንሰማ ስለ ወተቱ ልናገር፤ ማኪያቶ መሥራት መፈለግህ አይቀርምና። ባሕር ዳር ውስጥ ብዙዎቻችን ወተት የምንገዛው በየቤቱ ከሚያልቡ ሰዎች ነው። እባካችሁ ጥሬ ወተት በማሽኑ እንፋሎት ሞቀ ብላችሁ አትጠጡ። እንፋሎቱ ወተቱን 60 ወይም 65 ዲግሪ ካደረሰ በኋላ ትቆማላችሁ፤ ይህ የብሩሴሎሲስንና የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስያን ለመግደል አይበቃም። በ63 ዲግሪ ሠላሳ ደቂቃ መቆየት አለበት። ስለዚህ አስቀድማችሁ በደንብ አፍሉት፤ ስልባቦቱን ግፈፉ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት። ቀዝቅዞ ያደረ ወተት ለአረፋም ይመቻል፤ ከመሞቁ በፊት አየር የሚያስገቡበት ጊዜ ይሰጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእንፋሎቱን ጫፍ ከወተቱ ገጽ እምብዛም ሳታጠልቁ ጀምሩ፤ ወረቀት እንደሚቀደድ ያለ ቀጭን ድምፅ ስትሰሙ አየር እየገባ ነው። የማንቆርቆሪያው ሆድ ከእጃችሁ ሙቀት ጋር ሲስተካከል ጫፉን ትንሽ አጥልቁትና ወተቱ እንዲሽከረከር ተዉት። እጃችሁ መያዝ ሲያቅተው ዝጉ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ለመለማመድ አንድ ወር ብቻ ነው ያለህ።


ባለማሽኑ — ጥቅምት 18፣ ከቀኑ 10፡30

ዶክተር፣ ምክርዎ ለካፌም የሚሆን ነው። በጾም ደግሞ ስፕሪስ አለ፤ ሻይ ላይ ቡናውን ቀስ ብሎ ማፍሰስ። እጅን ለማሠልጠን ከማኪያቶ አያንስም፤ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ብርጭቆው ውስጥ ተነባብረው ሲቆሙ ደስ ይላል።


ዓባይማዶ — ጥቅምት 28፣ ከምሽቱ 1፡45

ቃል የገባሁትን ይዤ መጣሁ። አንድ ኪሎው ሲቆላ 840 ግራም ሆነ። እናቴ ከለመደችው ትንሽ አነጣ አድርጋ አወረደችው፤ ፍሬው ምጣዱ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ መንጣጣት ሳይጀምር። ግማሹን ለእትዬ አደረስኩ። በየቀኑ 18 ግራም አስገብቼ 36 ግራም አወጣሁ፤ ሙቀቱም 93 ላይ ነበር።

በተቆላበት ቀን ያው የማውቀው ሆነ፦ አረፋ ብቻ። ምላስ ይቆነጥጣል፤ ከሥሩ ጥሩ ነገር እንዳለ ይታወቃል፤ ግን አይደረስበትም። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ሰከነ። በአምስተኛው ቀን ክሬማው ቀለሙ ተለወጠ፤ የማር ቀለም ይዞ መሐሉ ላይ የነብር ዥጉርጉር ሠራ፤ እስክጨርስም ድረስ አልጠፋም። መቆንጠጡ ቀርቶ የደረቀ የቡና ልጣጭ መዓዛ ወጣ። ስምንተኛው ቀን ላይ የሆነውን በቃል ልገልጸው እቸገራለሁ። ስኳር አላስገባሁም፤ ስኳር መርሳቴን ያወቅሁት ሲኒውን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። በሕይወቴ ቡና ያለ ስኳር ጠጥቼ አላውቅም ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጣዕሙ እንዳለ ሆኖ በ22 ሴኮንድ መውረድ ጀመረ፤ ወፍጮውን አንድ ጥርስ ሳላም ተመለሰ።

ስምንተኛው ቀን ላይ ሁለተኛውን ሲኒ ለእናቴ ሰጠኋት። እስከዚያ ቀን ማሽኑን «ያ የሚጮኸው» ነበር የምትለው። ቀመሰችውና ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ይህ ያ እኔ የቆላሁት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እኔ እኮ ይህን አላውቀውም ነበር» አለች፤ ሲኒውን ግን አልመለሰችልኝም። ዕድሜዋን ሙሉ የቆላችው ቡና ውስጥ አይታው የማታውቀው ጣዕም ሲገኝ ከማንም በላይ የተደነቀችው እሷ ነበረች።


ሲኒና ረከቦት — ጥቅምት 28፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔም ቃሌን ልጠብቅ። ከዚያው ቡና በየዕለቱ ትንሽ እየወቀጥኩ ለራሴና ለሁለት የቆዩ ደንበኞቼ ብቻ አፈላሁ፤ መቼ እንደተቆላ አልነገርኳቸውም። የመጀመሪያው ቀን ቡና ጀበናውን ገፍቶ ሦስት ጊዜ ገነፈለ፤ ሦስቴም አንሥቼ አሳረፍኩት። አቦሉ ሲቀዳ መዓዛው ከመንገድ ማዶ ሰው ጠራ። ሁለተኛው ቀን ጥሩ ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ አንደኛው ደንበኛዬ፣ «ዛሬ ቡናሽን ማን አፈላው?» አለኝ። ስምንተኛው ቀን ላይ በረካው ውሃ ብቻ ሆነ።

ጀበና ላይ እንግዲህ ሐሳቤን አልለውጥም፤ ትኩስ ነው። የጋሼን ነገር ግን ዓባይ ማዶ ድረስ ሄጄ፣ የዚያው ቡና አሥራ ሁለተኛ ቀን ላይ፣ ከልጁ እጅ ተቀብዬ ጠጣሁት። ያደረ ቡና አይደለም፤ የተኛ ቡና ነው። ልዩነቱን ስላልቀመስኩት ነበር ንቀት ያልኩት፤ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።


ባለማሽኑ — ጥቅምት 28፣ ከምሽቱ 3፡25

ምን ይቅርታ አለው እህቴ። ካፌ ውስጥ ለሠለጠኑ ልጆች ሳስረዳ ስንት ጊዜ ቃል አጥቼ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ «የተኛ ቡና» ብለሽ ስም ሰጠሽልኝ። ከነገ ጀምሮ በዚህ ስም አስተምረዋለሁ።


ዓባይማዶ — ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 4፡10

ዛሬ ቅዳሜ እናቴ በራሷ ፈቃድ ሁለት ምጣድ ቆላች። የመጀመሪያው ለረከቦቱ ነው፤ ጎረቤት ተጠርቶ ቄጤማው ተጎዝጉዟል። ሁለተኛውን በትንሹ አነጣ አድርጋ አወረደችው፤ ሲቀዘቅዝ ጣሳ ውስጥ ጨምራ ክዳኑን አላላችው፤ ወረቀት ለጥፋ «ኅዳር 6» ብላ ጻፈችበት። ማንም አላዘዛትም። ከጎኑ ያለው የባለፈው ቅዳሜ ጣሳ ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው።


ሲኒና ረከቦት — ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 4፡30

ሥራዬን ስምንት ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ። ለእናትህ እጣን ይዤ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ የጀበናውን አቦል እንጠጣለን፤ ሰባተኛ ቀኑን የያዘውን ጣሳ ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትከፍተው።